የአባ ጥርሱ አንቱታ

አባ ጥርሱን «አንተ» የሚላቸው ሰው በዚያ የምርምር ክፍል ውስጥ አልነበረም። ከኃላፊው ጀምሮ እስከ ጽዳት ሠራተኛዋ ሁሉም «እርስዎ» ነው የሚላቸው። ነገሩን የጀመረው ሐኪሙ ነው። የእንስሳት ሐኪም ይሁን እንጂ ቀልድ ካልተናገረ የበላው የማይፈጭለት ሰው ነበር። ገና በተቀጠረ ሰሞን ዕድሜያቸውን ሲነግሩት ዓይኑን አፍጥጦ፣ «እኔ ሳልወለድ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው እንዴ! ታዲያ እኚህን አንተ ማለት ነውር አይደለም?» ብሎ ከሳጥኑ ፊት ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ። ሁሉም ሳቀ። ሳቁ በዚያው ቀን አለፈ፣ አንቱታው ግን ዓመታት ኖረ።

አባ ጥርሱ ፍልፈል ናቸው። ፀጉር የሚባል ነገር ያልፈጠረባቸው፣ ቆዳቸው ውኃ ውስጥ እንደቆየ ጣት የተጨማደደ፣ ሁለት ረጃጅም ጥርሶች ከከንፈራቸው ውጭ የተሰኩ ፍልፈል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያያቸው ሰው ገና ያልተወለዱ ይመስሉታል፤ ደጋግሞ ያያቸው ደግሞ ከመኖር ብዛት ያለቁ ይመስሉታል። ሁለቱም ስሕተት ነው። በመጠን እሳቸውን የምታክል ተራ አይጥ ሦስት ዓመት ከኖረች ብዙ ኖረች ይባላል። አባ ጥርሱ ሠላሳውን አልፈው፣ ዛሬም ስኳር ድንች ሲሸታቸው ከወጣቶቹ ቀድመው ይደርሳሉ። ካንሰር አያውቃቸውም። መንገድ አይጠፋባቸውም። መሥሪያ ቤቱም የሚፈልገው ይህንኑ ነበር፤ እኚህ ፍጡር ሁሉም የሚያረጅበትን ዕድሜ እንዴት ሳያረጁ አለፉት? በተለይ አንጎላቸው እንዴት ሳይዝግ ቆየ?

ይህንን የአንጎል ጉዳይ የያዘችው ዝምታ ናት። ስሟ ሌላ ነው፤ ግን አባቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ «ዝምታዬ» ነው የሚላት። አንድ ቀን መሥሪያ ቤት ስልክ ደውሎ ሐኪሙ ሲያነሣ «ዝምታዬ አለች?» አለው። ሐኪሙም፣ «አባባ፣ እዚህ ያለው ሁሉ ዝምታ ነው፣ የትኛዋን ልጥራልዎት?» ብሎ መለሰ። ከዚያን ቀን ወዲህ ስሟ ያው ሆነ። እሷም አልተቃወመችም። መቃወም የሚያስፈልገው ነገር ሲመጣ ለነገ የምታሳድር ልጅ ነበረች።

የፍልፈሎቹ ክፍል እንደ መታጠቢያ ቤት ይሞቃል፤ መብራቱ ደብዛዛ ነው። ግድግዳውን ተከትሎ ውስጡን የሚያሳይ ቱቦ ተዘርግቷል። ቱቦው እዚህም እዚያም ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ አንዱ መኝታ ነው፣ አንዱ መብል ቤት፣ አንዱ መጸዳጃ። ሰማንያ የሚሆኑ ፍልፈሎች በአንዲት ንግሥት ሥር እዚያ ውስጥ ይተራመሳሉ። ዓይናቸው ከማየት የሚቆጠር አይደለም። እርስ በርስ የሚተዋወቁት በጠረን ነው፤ የቤቱ ጠረን ያለው ዘመድ ነው፣ የሌለው ጠላት ነው፣ በቃ። አንዱ ለምርመራ ከወጣና ውጭ ካደረ ጠረኑ ይለቀዋል። ስለዚህ ከመመለሱ በፊት ከመጸዳጃው ሳጥን የቆሸሸ የእንጨት ፍርፋሪ ተወስዶ ገላው በደንብ ይታሻል። ለዚህ ሥራ ስም ያወጣለት ያው ሐኪሙ ነው፤ «ካባ መደረብ» አለው። «ለአባ ጥርሱ ካባቸውን ደርባችሁላቸዋል? በቆሻሻ የሚሾም ሰው አይቼ የማውቀው እዚህ ቤት ብቻ ነው» ይል ነበር።

ሁሉም የሚጠብቀው አንድ ነገር ነበር። አባ ጥርሱ መድከም ሲጀምሩ፣ ሳይሰቃዩ እንዲያንቀላፉ ተደርጎ አንጎላቸው እዚያው በትኩሱ ሊወጣ ተወስኗል። በራሳቸው ጊዜ ሞተው ከተገኙ ግን ሁሉም ነገር ከንቱ ነው፤ ያ ሙቀት ሥጋን ሰዓታት አያቆይም። ይህን ያህል የኖረና አእምሮው ያልደከመ ሌላ ፍልፈል በእጃቸው አልነበረም። ዝምታ መሥሪያ ቤቱን ከተቀላቀለች ጀምሮ የሠራችው ሁሉ እዚያ አንጎል ላይ የሚያርፍ ነበር።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይላል ኃላፊው በየስብሰባው መጨረሻ። ዘለግ ያለ፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ጡረታው የደረሰ ሰው ነው።

«እንቁላሉ እግር ከማውጣቱ በፊት እኛ ምርኩዝ እንይዛለን» ይላል ሐኪሙ ወደ ዝምታ ጆሮ ዘንበል ብሎ።

ዝምታ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሰው ሁሉ ከወጣ በኋላ፣ ኃላፊውን ጠይቃው ታውቃለች። «አንጎሉ ላይ አንድ ነገር ብናገኝ… ለሰው እስኪደርስ ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። «ካገኘን ነው። ብናገኝ፣ ያገኘነው እውነት ከሆነ፣ ሃያ ዓመት በይው። ለምን ጠየቅሽኝ?» «እንዲሁ» አለችው። እንዲሁ አልነበረም።

ቤቷ ውስጥ መድኃኒቱ ሊደርስ ነበረ።

ነገሩ የተጀመረው ከጥቂት ዓመታት በፊት እራት ላይ ነው። እናቷ፣ «ለመሆኑ ቀኑን ሙሉ ምንድን ነው የምትሠሪው?» ስትላት፣ «የማያረጅ ፍልፈል አለ፤ ለምን እንደማያረጅ እናጠናለን» አለቻት። እናቷ ይህንን ለጎረቤት ነገረች። ወሬ ደግሞ መንገድ ሲሄድ ይወፍራል። ከጎረቤት ወደ ጸጉር ቤት፣ ከጸጉር ቤት ወደ ዳቦ ቤት ዞሮ ወደ ቤቷ ሲመለስ «ልጅሽ የእርጅና መድኃኒት ልታወጣ ነው አሉ» ሆኖ ነበር። እናቷ ያንን ስትሰማ ደስ አላት እንጂ አላረመችም። ዝምታም ነገ አርማለሁ፣ ነገ አርማለሁ ስትል አባቷ መርሳት ጀመረ። ከዚያ በኋላማ ማን ያርማል? ያ ወሬ የቤቱ ምሰሶ ሆነ።

አባቷ የመኪና መንዳት አስተማሪ ነበር። ከሾፌሩ ጎን ባለው ወንበር ላይ ተቀምጦ ዕድሜውን የጨረሰ ሰው ነው። በእግሩ ሥር የራሱ ፍሬን ነበረው፤ ጡረታ ከወጣም በኋላ፣ ቤት ሶፋ ላይ ተቀምጦ አንድ ሰው በፍጥነት ካለፈ ቀኝ እግሩ ወለሉን ይረግጣል። መጀመሪያ የጠፋበት የሰው ስም ነው። ቀጥሎ ቀን። ቀጥሎ የገዛ መታጠቢያ ቤቱ በር። ዝምታን ግን አልረሳም። ውኃ ስትሰጠው ብርጭቆውን በሁለት እጁ ተቀብሎ፣ «ዕድሜ ይስጥሽ ዝምታዬ» ይላታል፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደሚላት። ልጅ ሳለች፣ «እስካሁን ስንት ሰጠኸኝ?» ብላ ጠይቃው ነበር። «ለአንድ ብርጭቆ አንድ ዓመት ብንል፣ ኤሊን ቀብረሽ ትኖሪያለሽ» አላት።

ወንድሟ የበኩር ልጅ ነው፤ እንደ ታላቅነቱ «ጋሼ» ትለዋለች። በሳምንት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ በመጣ ቁጥርም ያንኑ ጉዳይ ያነሣል።

«የአረጋውያን ማእከሉን ሄጄ አየሁት» አለ አንድ ቀን፣ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ። «ንጹሕ ነው። ግቢው ዛፍ አለው። ነርሶቹ አይቆጡም።»

«ሬሳ ቤትም ንጹሕ ነው» አለች እናቱ።

«እማዬ! ትናንት ምድጃ ለኩሶ ወጥቷል። አንቺ ደግሞ ጉልበትሽ…»

«ጉልበቴን ተወው፣ ጉልበቴ የኔ ነው። እህትህ መድኃኒቱን ልታመጣ ጫፍ ላይ ደርሳ፣ አሁን ነው አባትህን ከቤት የምታወጣው? ሰው ደጃፍ ደርሶ ይመለሳል እንዴ?»

ወንድሟ ወደ ዝምታ ዞረ። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ ድካም ነው የነበረው። «እውነት ነው? እውነቱን ንገሪኝ፣ እሺ ብዬ እሄዳለሁ።»

ዝምታ አባቷን አየችው። ሶፋው ላይ ሆኖ የቴሌቪዥኑን መቆጣጠሪያ እንደ ማርሽ ይዞ ወደፊት ወደኋላ ያንቀሳቅሰዋል። «እየሠራን ነው ጋሼ» አለች።

«አልደረሰም?» አለች እናቷ።

«ገና ነው እማዬ።»

«አየህ? ገና ነው አለች። ገና የሚባለው የቀረበ ነገር ነው።»

እንግዲህ አባ ጥርሱ እስኪደክሙ፣ አንጎላቸውም እስኪታይ ድረስ አባቷ ቤቱ ይሰነብታል። ዝምታ ይህ ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለች። መድኃኒት እንደማይመጣ ታውቃለች። ግን አንድ ነገር ከተገኘ፣ ትንሽም ብትሆን፣ ለእናቷ የምታሳያት እውነተኛ ነገር ይኖራታል፤ በዚያች ነገር ደግሞ አንድ ክረምት፣ ምናልባትም ሁለት፣ አባቷን እቤት ማቆየት ይቻላል። ስሟን እስካልረሳ ድረስ እቤት እንዲሆን ነበር የፈለገችው። ከዚያ ያለፈ አልጠየቀችም።

አርብ ዕለት አባ ጥርሱን ለፈተና አወጣቻቸው። ፈተናው መተላለፊያው ብዙ የሆነ የመስታወት ሳጥን ነው፤ መጨረሻው ላይ ስኳር ድንች ይቀመጣል። ካለፈው ፈተና ወዲህ ወራት አልፈዋል። አባ ጥርሱ በሩ ላይ ትንሽ ቆሙ፣ ጢማቸውን አራገቡ፣ ከዚያ ግራ፣ ቀኝ፣ ቀኝ፣ አንዲት የተሳሳተች መንገድ ሳይገቡ ድንቹ ላይ ደረሱ።

«ጎበዝ! እግዜር ያክብርዎት» አለች ዝምታ ለብቻዋ። እጇ ላይ አስቀምጣ ሆዳቸውን በጣቷ ደባበሰች። ልባቸው እንደ ሰዓት ትመታለች።

ስልኳ የጮኸው ያኔ ነው። እናቷ ነበረች፤ ቃል ሳይሆን ለቅሶ ነው የሚሰማው። አባቷ ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም።

አባ ጥርሱን ለብቻ ባለው ትንሽ ሳጥን ውስጥ አስገባች፣ ማሞቂያውን ከፈተች፣ ሮጠች። ሐኪሙ ወጥቶ ነበር። ለሌላ ሰው አልነገረችም። መንገድ ላይ ሆና ለቅዳሜና እሑድ ተረኛው ደውላ፣ «በግራ በኩል መደርደሪያው ላይ አንድ አሉ፣ ድንች እንዳይረሱብኝ» አለችው። እሱም «ችግር የለም እህቴ፣ ቤታቸውንም ጽድት አደርግላቸዋለሁ» አላት። መልካም ሰው ነው፤ ጽድት ማድረጉም መልካም ነገር መሰላት።

ፋርማሲውን ጠየቁ፣ ጸጉር ቤቱን ጠየቁ፣ ወንድሟ በመኪና ትልቁን መንገድ ሁለት ጊዜ ዞረ። አባቷን ያገኘችው እሷ ናት፤ ታክሲዎች ተራ በሚይዙበት ጥግ፣ አንድ ታክሲ ውስጥ፣ ከሾፌሩ ጎን ቀበቶውን አስሮ ተቀምጧል።

«እህቴ፣ አባትሽ ናቸው?» አለ ሾፌሩ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ። ጎረምሳ ነው፤ ሳቅና ጭንቀት ተደባልቆበታል። «እባክሽ ውሰጅልኝ። ተሳፋሪ ሁሉ ትቶኝ ሄደ። ዐሥራ ሁለት ዓመት ነድቼ፣ ዛሬ ፍሪሲዮን አረጋገጥ አታውቅም ተባልኩ።»

«ስፖኪዮ አያይም» አለ አባቷ ኮስተር ብሎ። ከዚያ ቀና ብሎ አያት፤ ፊቱም በራ። «ዝምታዬ! ምነው ዘገየሽ? ይሄን ልጅ ጣልኩት።»

«ደግ አደረግህ» አለች፣ ቀበቶውን እየፈታች። ሾፌሩ እንዳያያት ፊቷን ወደ አባቷ ደረት አስጠጋች።

ቅዳሜና እሑድ አባቷ ደህና ነበር። እንዲያውም ከደህና በላይ። ዝምታን መንዳት ሲያስተምራት መጀመሪያ ቀን የገጨችውን የቆሻሻ ገንዳ አስታውሶ እስኪያስለው ሳቀ። ገንዳው አረንጓዴ እንደነበር ሳይቀር ነገራት። «መንገድ ሙሉ ባዶ ሆኖ፣ ገንዳው ነው ተሻግሮ የመጣብሽ» አላት። እናቷ ከወጥ ቤት በር ላይ ሆና ይህንን ትሰማለች። «አየሽ» አለች በሹክሹክታ፣ «ገና ወሬው ነው እንዲህ ያደረገው። ራሱ መድኃኒቱ ሲመጣማ…» በዚያ ደስታ የቤቱን ልብስ ሁሉ ሰበሰበች፤ ዝምታም አገዘቻት። አባቷ ክረምት ከበጋ የማያወልቃትን ቡናማ ጃኬትም አጠቡለት፤ አንገቷ ላይ ቆሻሻው ጠቁሮ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ጃኬቷን ይዛለት ስትቀርብ አባቷ ተቀብሎ አሸተታት።

«ይቺ የማን ናት?»

«ያንተ ናት እንጂ አባዬ።»

«የኔ አይደለችም» አለ። ወንበሩ ላይ በጥንቃቄ አስቀምጦ፣ የሰው ዕቃ እንደሚጠብቅ ሰው ጎኗ ቆመ። እንዲለብሳት ብዙ ለመኑት። ዝምታ ስትወጣ ረፍዶ ነበር፤ ጃኬቷም እዚያው ወንበሩ ላይ ነበረች።

መሥሪያ ቤት ስትደርስ ሰው ሁሉ ለስብሰባ ገብቷል። በሩጫ ወደ ፍልፈሎቹ ክፍል ገባች። አባ ጥርሱ በንጹሕ ሳጥን፣ በንጹሕ ፍርፋሪ ላይ ተኝተዋል። አነሣቻቸው፤ የቱቦውን ክዳን ከፈተች፤ «እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት፣ ልጆችዎ ናፍቀዋል» አለቻቸው። እግራቸው ቱቦውን ሲነካ ወደ ጨለማው አዘገሙ። ክዳኑን ዘጋች። ስብሰባው ውስጥ ገብታ ከኋላ ተቀመጠች። ኃላፊው ስለ አርቡ ፈተና ሲጠይቃት፣ «አንድም አልተሳሳቱም» አለች፤ ክፍሉ አጨበጨበ፤ እሷም ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

ከሰዓት በኋላ ለፍልፈሎቹ ድንች ስትልጥ ግንባሯን ለመጥረግ እጇን ወደ ፊቷ አቀረበች። የልብስ ሳሙና ሸተታት። ቢላዋው እጇ ላይ ቀጥ አለ።

ካባውን አልደረበችም።

መኝታው ሳጥን ውስጥ አልነበሩም። መብል ቤቱ ውስጥ አልነበሩም። በቱቦው ዳር ለዳር እየተጎነበሰች ሄደች፤ ፍልፈሎቹ ከእጇ ጥላ ሥር በሰላም ይተላለፋሉ፣ አንዱ በሌላው ላይ ይራመዳል። ያገኘቻቸው መጸዳጃው ውስጥ ነው። ገድለው ሲያበቁ እዚያ ድረስ ጎትተዋቸዋል፤ ፍልፈል የሞተውን የሚጥለው እዚያ ነው። አንገታቸውና ጎናቸው በጥርስ ተበጣጥሷል። ገላቸው በሙሉ በቆሻሻው ተለውሷል። አሁን የቤቱ ጠረን ሙሉ በሙሉ ነበራቸው።

ሐኪሙ መጥቶ አየ። ጓንት አጠለቀ። «ካባ?» አላት። ራሷን በአሉታ ነቀነቀች። አላሾፈም፣ አልተቆጣም። በሁለት ጣቱ አንሥቶ መገጣጠሚያውን ነካ፣ ዓይኑን ገልጦ አየ።

«ሞቷል» አለ። «ጠዋት ነው የሞተው። ደርቋል።»

ሞተዋል አላለም። ዝምታ ሰማችው። ከዚያን ሰዓት ጀምሮ በዚያ ክፍል ውስጥ ስለ አባ ጥርሱ በአንቱታ የተናገረ ሰው የለም። ማንም ተስማምቶ አልተወውም፤ እንዲሁ ቀረ።

ኃላፊው የምርመራ ሳህኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ነገር ብዙ ጊዜ ቆሞ አያት። «ቀስ በቀስ…» ብሎ ጀመረና ተወው።

«የኔ ጥፋት ነው» አለች ዝምታ። «አርብ ነው ያወጣሁት። ቤት ችግር ነበር። ዛሬ ሳልደርብ…»

«ገባኝ» አለ ኃላፊው። ዝግ ብሎ ነው የሚናገረው፣ እንደ ወትሮው። «ከእሱ ቀጥሎ ያለው ስንት ዓመቱ ነው?»

«ሃያ ሁለት» አለ ሐኪሙ።

«እንግዲህ እንጠብቃለን። ሥራችን መጠበቅ ነው።» ወደ ዝምታ ዞሮ ትከሻዋን ነካ አደረገ። ሊያጽናናት ነው የፈለገው። «አንቺ ወጣት ነሽ። ትደርሺበታለሽ።»

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። ዝምታ ግን ወደ ቤቷ ስትሄድ ያሰበችው፣ ቆጡም ላይ መጀመሪያውኑ ምንም እንዳልነበረ ነው።

እናቷ በሩን ስትከፍት ከፊቷ ላይ አነበበች። ቢሆንም ጠየቀች። «አልደረሰም?»

«እማዬ፣ ተቀመጪ።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«ሽማግሌው ፍልፈል ሞተ። እኔ ነኝ የገደልኩት፤ በስሕተት። ግን እሱ ባይሞትም…» ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። «መድኃኒት አልነበረም እማዬ። ዛሬም የለም። ለአባዬ የሚደርስ ነገር የለም። ድሮ ልነግርሽ ይገባ ነበር።»

ወንድሟ ሳሎን ውስጥ ነበር፤ ከሶፋው ብድግ ሲል ሰሙት፣ ግን አልመጣም። እናቷ እጇን በቀሚሷ ጠረገች። እጇ ደረቅ ነበር።

«ሌላ የለም?» አለች።

«ምን ሌላ?»

«ሌላ ፍልፈል። ሰማንያ ናቸው ብለሽኝ አልነበረም?»

«አለ። ግን ገና ወጣት ነው። ለማርጀት ዐሥር ዓመት ይቀረዋል።»

«ዐሥር ዓመት» አለች እናቷ፣ የዕቃ ስም እንደሚደግም ሰው። «እኔማ እጠብቅ ነበር። አባትሽ ነው የማይጠብቀኝ።» ከዚያ ወደ ሳሎኑ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ያ ግቢ ዛፍ አለው ነው ያልከው?» አለች።

የሚሄድበት ቀን ዝምታ ሻንጣውን አዘጋጀች። እናቷ የትራስ ልብሱን ልታጥበው ስታነሣ እጇን ያዘቻት።

«እሱን አትጠቢው እማዬ።»

«እንዴ! ሰዎቹ ምን ይሉናል? ምን ያህል ቆሻሾች ቢሆኑ ነው አይሉም?»

«ይበሉ። እንዳለ አስገቢው።»

እናቷ ለጭቅጭቅ አቅም አልነበራትም፤ እንዳለ አጥፋ አስገባችው።

መኪናው የወንድሟ ነው። እናቷ ግን ደጁ ላይ እግሯ አልሄድ ስላላት፣ ወንድሟ ደግፎ ከኋላ አብሯት ተቀመጠ። «ንጂ» ብሎ ቁልፉን ለዝምታ ሰጣት። አባቷ ማንም ሳያሳየው ከሾፌሩ ጎን ያለውን በር ከፍቶ ገባ። ወንበሩን አስተካከለ፣ ቀበቶውን አሰረ፣ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ለብዙ ወራት እንዲህ ቦታውን ያገኘ ሰው ሆኖ አላየችውም።

«ተዘጋጅተዋል?» አላት።

ዝምታ መሪውን እንደያዘች ዞር ብላ አየችው። ፊት ለፊት፣ ወደ መንገዱ ነው የሚመለከተው።

«ስፖኪዮዎን ይመልከቱ። ግራ ፍሬቻ ያብሩ። አይቸኩሉ፣ መንገዱ የትም አይሄድም።»

ከኋላ እናቷ ትንፋሿን ሳበች። ዝምታ ስፖኪዮውን አየች፤ ውስጡ የእናቷ ፊት ነበር። ግራ ፍሬቻ አበራች። ፍሪሲዮኑን ቀስ አድርጋ ለቀቀች።

«ጥሩ» አለ አባቷ። «በጣም ጥሩ። ሁለተኛ ያስገቡ።»

ያለውን ሁሉ አደረገች። ይዙሩ ሲል ዞረች፣ ቀስ ይበሉ ሲል ቀስ አለች። አንድ ብስክሌት ድንገት ሲገባባቸው የአባቷ ቀኝ እግር ወለሉን ረገጠ፤ የእሷም እግር በዚያው ቅጽበት ፍሬኑን ረገጠ። መኪናው ቆመ። «እንዲህ ነው» አላት። «እርስዎ ያልፋሉ። የሚወድቀው ማን እንደሆነ እኔ ከመጀመሪያው ቀን አውቃለሁ።»

የማእከሉ በር ሰፊ ነው። ግቢው እንደተባለው ዛፍ አለው። አንዲት ነርስ ፈገግ ብላ ከደረጃው ወረደች። ዝምታ ሞተሩን አጥፍታ ዞራ መጣችና የአባቷን በር ከፈተች፤ ጎንበስ ብላ ቀበቶውን ፈታችለት፤ እግሩን አንድ በአንድ አውርዳ ክንዷን አስያዘችው። የታጠበችውን ጃኬት ትከሻው ላይ ደረበችለት። በዚህ ጊዜ እምቢ አላለም፤ የሰው ቤት እንደመጣ እንግዳ ዝም ብሎ ለበሰ።

ከቆመ በኋላ እጇን በሁለት እጁ ያዘ፤ ብርጭቆ እንደሚቀበል አድርጎ።

«ዕድሜ ይስጥዎት» አላት።

በእነሱ ቤት አባቷን አንቱ ብሎ የሚያውቅ ልጅ የለም። ዝምታ ቀና ብላ አየችው፤ ትሁት፣ ንጹሕ፣ የማያውቃት ሽማግሌ ነበር።

«አሜን» አለችው። «ለእርስዎም።»